ሦስት አጥቢያ፣ ሁለት ካህን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 2018፣ መነሻ

ሥራው ያለው ከደንገጎ ወደ ቁልቢ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። አጥቢያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሚካኤል፣ ማርያምና ጊዮርጊስ። ከሚካኤል እስከ ማርያም አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል፤ ጊዮርጊስ ከሸለቆው ማዶ ስለሆነ ከዚያም ይርቃል። ምእመናኑ ጥቂት ናቸው፤ ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር ተሰባጥረው የሚኖሩ የማሽላ፣ የጫትና የድንች ገበሬዎች። የሦስቱም አስተዳዳሪ አንድ ቀሲስ ናቸው። ሁለተኛው ካህን በዕድሜ የገፉ አባት ሲሆኑ ቤታቸው ማርያም አጠገብ ነው። ዲያቆናቱ ሁሉም ተማሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የማይነቃነቅ ነገር አለ። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፦ ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። የቀደሰ ካህን ደግሞ በዚያው ቀን ሌላ ቦታ ሄዶ አይቀድስም። ስለዚህ እሑድ ሲመጣ ከሦስቱ አጥቢያዎች የሚቀደስበት አንዱ ብቻ ነው። አንድ ዲያቆን ከቀረ አንዱም የለም።

እኛ ከድሬዳዋ የሰንበት ትምህርት ቤት የተሰባሰብን አገልጋዮች ነን። እኔ ቀን ቀን የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና እሠራለሁ። መጀመሪያ የቀረበው ዕቅድ ካህናቱንና የሰበካ ጉባኤ አባላቱን ከተማ አምጥቶ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ አንድ ሳምንት ማሠልጠን ነበር። ቀሲስን ስናማክራቸው፣ «እኔ ከተማ ተቀምጬ ስማር የማን ልጅ ነው አርባ ቀኑ ሳይጠመቅ የሚያልፈው?» አሉን። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፤ ቀኑ ሥልጠና አይጠብቅም። ቀብርም እንደዚያው። ዕቅዱ እዚያው ቀረ። የአዳራሹ ኪራይና የአበል ገንዘብ ወደ ትራንስፖርት ተዛወረ።

በምትኩ የወሰንነው ይህን ነው፦ ካህን ብቻ የሚሠራውን ለካህኑ መተው፣ የቀረውን ሁሉ ምእመን እንዲሸከመው ማሠልጠን። ሥልጠናውም እነሱ ባሉበት ይሄዳል።

መስከረም መጨረሻ፣ ሁለቱ ዓምዶች

ቀሲስ የሳምንት ሥራቸውን እንዲጽፉልን ቅጽ አዘጋጅተን ነበር። ጊዜ አልነበራቸውም። ስለዚህ አብሮን ያለው ወንድም መንገድ እየሄደ ጠየቃቸው፣ ማታ ደብተር ላይ ጻፈው። ገጹን ለሁለት ከፍለን ለየነው።

በቀኝ የካህን ብቻ የሆነው፦ ቅዳሴ፣ ጥምቀት፣ ንስሐ፣ ቍርባን፣ ጸሎተ ፍትሐት፣ ተክሊል፣ ጠበል ማጥመቅ።

በግራ የቀረው፦ የሦስት ሰበካ ጉባኤ ስብሰባ መምራት፣ የአባልነት ክፍያ ቤት ለቤት መሰብሰብ፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ስለ ይዞታ ወረዳ መመላለስ፣ ዘቢብና ዕጣን ከከተማ መሸከም፣ ጣሪያ የሚጠግን ባለሙያ መፈለግ፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን ማስታረቅ፣ ሕፃናትን ማስተማር።

የግራው ዓምድ ገጹን ሞልቶ ወደሚቀጥለው አለፈ። እርቁን ቀሲስ ወደ ቀኝ እንዲመለስ ጠየቁ፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ንስሐ ስለሆነ። ልክ ናቸው፣ መለስነው። የቀረውን ግን ያለ ክርክር ተስማሙበት። ከዚያ በኋላ ያስተማርነው ሁሉ የወጣው ከዚህ ገጽ ነው።

ጥቅምት፣ የተራ ሠሌዳ

እስካሁን የቅዳሴ ተራ የሚታወቀው ከሳምንት ወደ ሳምንት ነበር። ሰው አንድ ሰዓት ተጉዞ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኛል። ዓመቱን ሙሉ አስቀድሞ ማውጣት የሚቻል መሆኑን ለማሳየት ከሦስቱም አጥቢያ የመጡ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎችን ይዘን ባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ አብረን ቆጠርን። መሪጌታ ከድሬዳዋ መጥተው ነበር። ወንበር፣ መጥቅዕ፣ አበቅቴ፣ ተውሳክና መባጃ ሐመር የስሌቱ ደረጃዎች ስሞች ናቸው።

ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን) 7518። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፤ አንድ ሲተው ወንበር 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ አበቅቴ 12። ሁለቱ ሲደመሩ 30፤ ልክ ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነበር፣ የእሑድ ተውሳክ 7። 18 እና 7፣ መባጃ ሐመር 25። ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዐሥረኛ ክፍል ያቆመ ወጣት ነው። መሪጌታ ሳይረዱት የሚቀጥለውን ዓመት ብቻውን ቆጥሮ አመጣ። ይህ ልጅ አሁን የሠሌዳው ኃላፊ ነው።

ከዚያ ተራውን አወጣን። ወርኃ በዓላቱ 12፣ 21 እና 23 ስለሆኑ አይጋጩም። ችግሩ ዲያቆናቱ ናቸው፤ በዓሉ በሥራ ቀን ሲውል ትምህርት ቤት ናቸው። የረዳን የጾም ሥርዓት ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ይደርሳል። ለምሳሌ ያህል ኅዳር 12 ዓርብ ነው፤ የሚካኤል ዓመታዊ በዓል፣ ግን ዓርብ ጾም ስለሆነ ከሰዓት ይቀደሳል። በጾም ያልዋሉትን የሥራ ቀናት በቀይ አሰመርናቸው። ለእነዚያ ዲያቆን ከድሬዳዋ መላክ ያስፈልጋል፤ የትራንስፖርት በጀቱም ለእነዚህ ቀናት ብቻ ተያዘ።

ሠሌዳው በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ተለጠፈ። ላሚኔት አስደርገነዋል፤ ውድ ነው፣ ግን ያለ እሱ ጭጋግና ዝናብ ይጨርሰዋል።

ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት፣ የሒሳብ መዝገብ

የቤተ ክርስቲያኗ የአጥቢያ አስተዳደር ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ሰበካ ጉባኤ የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነው። ሰብሳቢው አስተዳዳሪው ካህን ቢሆንም ምክትሉ ከምእመናን ይመረጣል። እዚህ ግን ምክትሎቹ በስም ብቻ ነበሩ። ቀሲስ ስብሰባውን የሚመሩት፣ ደረሰኙንም የሚይዙት ራሳቸው ናቸው።

የሒሳብ ሥልጠናውን የሰጠ ባለሙያ ጓደኛችን ባለ ብዙ ዓምድ መዝገብ አመጣ። ማርያም ላይ ማንም አልሞላውም። ጊዮርጊስ ላይ ገንዘብ ያዥዋ፣ የመንደሩን ዕድር ለዓመታት የያዙ እናት፣ መዝገቡን አይተው ወደ ጎን አደረጉትና የዕድሩን ደብተር አመጡ። ስም፣ የተከፈለ፣ የቀረ፣ ፊርማ። በስተኋላ በኩል ወጪ። በየወሩ መጨረሻ ሁለት ምስክር ቆጥሮ ይፈርማል። ጉድለት ኖሮበት አያውቅም።

የእሳቸውን አሠራር ወሰድን። የደረሰኝ ቁጥር የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ብቻ ጨመርንና ለሦስቱም አዛወርነው። አሠልጣኝ ሆነው ሚካኤልና ማርያም የሄዱትም እሳቸው ናቸው። ሥልጠና ሲባል ከከተማ የሚመጣ ሰው ብቻ የሚታየን ከሆነ እንዲህ ያለውን ሰው አናገኘውም። ለእሳቸው የመንገድ አበል ከመሪጌታ እኩል እንዲከፈል ወሰንን፤ በዙር 1,200 ብር።

ኅዳር፣ የዜማ ካርድ

አዲስ ዲያቆናት እያዘጋጀን ነው። አራት ልጆች ዳዊት ደግመዋል፤ የቀራቸው የቅዳሴው ዜማ ነው። መሪጌታ በየሳምንቱ መምጣት አይችሉም። ስለዚህ ድምፅ ቀድተን ልንሰጣቸው ተነሣን።

መጀመሪያ መሪጌታ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኩ። ሁለት ነገር አስቸገረ። አንደኛ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነው። ሁለተኛ፣ በፍላሽ ገልብጠን ብንወስድም የልጆቹ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ የቴሌግራምን የድምፅ ፎርማት አያጫውትም። ወደ ኤምፒ3 ለወጥነው። በ64 ኪሎ ቢት አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ድምፅ ይበቃል፣ ትንሹ ሚሞሪ ካርድም ሞልቶ አይሞላም።

ቀጥሎ የፋይል ስም። በአማርኛ የሰየምናቸው ስልኩ ላይ ሣጥን ሣጥን ሆነው ታዩ። በቁጥር ብቻ ሰየምናቸው፣ 01፣ 02 እያልን፤ የቁጥሩ ዝርዝር ደግሞ በወረቀት ተጽፎ ከካርዱ ጋር ይሰጣል። ርዝመቱም ተቀየረ። ሙሉውን ሥርዓተ ቅዳሴ በአንድ ፋይል መስጠት ለማዳመጥ ነው እንጂ ለመማር አይሆንም። መሪጌታ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሉና ዝም ይላሉ፤ ልጁ ይመልሳል፤ ደግመው ይሉታል። ያንን ባዶ ቦታ ቀረጻው ውስጥ ማስገባት ሥራውን ለውጦታል። ፊት ለፊት ከሚሰጥ የቃል ትምህርት ያልተለየ ነገር ነው የሚሆነው፤ መምህሩ ብቻ የለም።

እንደ ዕለቱ ከሚለዋወጡት ከአሥራ አራቱ ፍሬ ቅዳሴ አሁን የያዝነው ቅዳሴ ሐዋርያትን ብቻ ነው፣ ከሥርዓተ ቅዳሴው ጋር። መሪጌታ ሌላውን አትንኩ ብለዋል።

ንባቡም አለ። ጳውሎስን ዲያቆኑ፣ የሐዋርያትን መልእክት ንፍቅ (ረዳት) ዲያቆኑ፣ ግብረ ሐዋርያትን ንፍቅ ካህኑ፣ ወንጌልን ሠራዒው (ዋናው ቀዳሽ) ካህን ነው የሚያነብ። የዕለቱን ምንባብ የሚያወጣው ግጻዌ ነው፤ ከሦስቱ አጥቢያ ግጻዌ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነበር፣ ያም ዳሩ በአይጥ ተበልቷል። ለሁለቱ ገዛንላቸው። ልጆቹ ለመለማመጃ እንዲሆናቸው የእሑዶቹን ምንባብ ብቻ በእጅ ገልብጠን ፎቶ ኮፒ አደረግን፤ ገጹ 5 ብር።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን ማርያም እሑድ ዋለች። በሠሌዳው መሠረት ሁሉም ወደ ማርያም መጣ። ሚካኤልና ጊዮርጊስ ዝግ እንደሆኑ ሕዝቡ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ታኅሣሥ፣ ቁልቢና ቅዳሴ የሌለበት እሑድ

ታኅሣሥ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል በዓል፣ ዘንድሮ እሑድ ነው። ቁልቢ ቅርብ ስለሆነ አቅም ያለው ሁሉ በእግሩ ይሄዳል፤ ካህናቱም ዲያቆናቱም ለአገልግሎት እዚያው ናቸው። ሦስቱም አጥቢያ ይዘጋል። የሚቀሩት ሽማግሌዎች፣ አራሶች፣ ታማሚዎችና ከብት ጠባቂ ልጆች ናቸው።

ቅዳሴ ለሌለበት እሑድ የሚሆን ሥርዓት የተዘጋጀው ከዚህ የተነሣ ነው። በቀሲስ ፈቃድ፣ መቅደሱ ሳይከፈት፣ ዐውደ ምሕረቱ ላይ። የዘወትር ጸሎት፣ የእሑድ ውዳሴ ማርያም፣ ከዳዊት፣ ከግጻዌ የዕለቱ ወንጌል ንባብ፣ ከዚያ አጭር ትምህርት፣ በአባታችን ሆይ ይዘጋል። የሚመራው የሰበካ ጉባኤው ምክትል ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣት ነው።

ተቃውሞ ነበረ። አንድ ሽማግሌ፣ «ካህን የሌለበት ጸሎት ልታስለምዱን ነው?» ብለው ተነሡ። ስጋታቸው ከባድ ነው፤ ሕዝቡ ያለ ቅዳሴ መኖርን ከለመደ አጥቢያው እንደ አጥቢያ አይቆይም። ቀሲስ የመለሱላቸው እንዲህ ነው፦ «አሁን እኔ በሌለሁበት እሑድ ልጆቹ የት ናቸው? ከብት ላይ ናቸው። ዐውደ ምሕረቱ ላይ ከሆኑ እኔ ስመጣ እዚያው አገኛቸዋለሁ።» ሽማግሌው ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ግን ቁልቢ መሄድ ስላልቻሉ በዕለቱ መጥተው ዳዊቱን የደገሙት እሳቸው ናቸው።

ለትምህርቱ የሚሆን ጽሑፍ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ናቸው፦ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቍርባን፣ ትንሣኤ ሙታን። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ። የልጆቹ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ በኦሮምኛ ነው የተዘጋጀው፣ በቁቤ። ወጣቶቹ በቀላሉ አነበቡት። ማርያም አጠገብ ያሉት አባት ግን ኦሮምኛ እንደ ውኃ የሚናገሩ ሆነው ቁቤ አያነቡም፤ የለመዱት ፊደል ነው። በፊደል ጻፍንላቸው። ፊደል የድምፁን መርዘምና መጥበቅ ስለማያሳይ አንዳንድ ቃል ላይ ይቆማሉ። በስተመጨረሻ አንዱ ገጽ በቁቤ፣ ጀርባው በፊደል ሆነ፤ አባታችን አንድ ጊዜ ድምፃቸውን አሰምተው ሲያነቡ ቀዳንና ካርዱ ላይ ጨመርነው። አሁን ወጣቶቹ አነጋገራቸውን ከእሳቸው ይማራሉ። እኛ የከተማ ልጆች በኦሮምኛ ባዘጋጀነው ላይ የማይገባ ቃል ሲገኝ የሚያርሙትም እሳቸው ናቸው።

ጥር፣ ከተራ

ታቦት አክብሮ የሚሸከመው ካህን ብቻ ነው። ሦስት ታቦት፣ ሁለት ካህን። ባለፉት ዓመታት የአንዱ አጥቢያ ታቦት ሳይወጣ ይቀር ነበር፤ ብዙ ጊዜ የጊዮርጊስ። የጊዮርጊስ ሰዎች ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

ከጥቅምት ጀምሮ ስንጠይቅ ቆይተን ከከተማ አንድ ካህን ተፈቀደልን። የቀረው የምእመናኑ ሥራ ነበር፣ ሁሉም ከግራው ዓምድ፦ ሦስቱ ታቦታት የሚገናኙበት ጥምቀተ ባሕር መምረጥ፣ ድንኳን፣ ውኃ መገደብ፣ ለእንግዶች ምግብ፣ የሌሊት መብራት፣ የመንገድ ጥበቃ። ሦስቱ ሰበካ ጉባኤዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ላይ ተሰበሰቡ፤ ስብሰባውን ምክትሎቹ መሩት። ቀሲስ አልተጠሩም። ይህ የሆነው በስምምነት ነው፤ ጥር 10 እሑድ ስለሆነ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ከተራ፣ ሌሊት ደግሞ ቅዳሴ አለባቸው፤ ማረፍ ነበረባቸው።

ድንኳን ለመከራየት የቀረበው ዋጋ ከዓመቱ በጀታችን ይበልጣል። የሸራ ድንኳኑ ከመንደሩ ዕድር ተገኘ፣ ምሰሶው ከሙስሊም ጎረቤቶች። ለመብራት በባትሪ የሚሠሩ የሶላር አምፖሎች ወሰድኩ። ድሬዳዋ ሞቃት ስለሆነ ባትሪዎቹ አስቸግረው አያውቁም፤ ደጋው ላይ በጥር ሌሊት ብርድ ከጠበቅነው ቀድመው ደከሙ። ለሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ ባትሪ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይቀመጣል ብለን መዝግበናል።

ሦስቱም ታቦታት ወጡ። በአንድ ድንኳን አደሩ፣ አንድ ቅዳሴ ተቀደሰ፣ የሦስቱም አጥቢያ ሕዝብ አንድ ላይ ቈረበ። አምስት ልዑካን ማግኘት የሚያስጨንቀው አካባቢ በዚያ ሌሊት ስድስተኛ ልዑክ ነበረው።

የካቲት፣ ዘቢብና ዕጣን

ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ። ቅዳሴ ይበዛል፤ ስለዚህ ዘቢብ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ዕጣንና ጧፍ ቶሎ ያልቃል። ሦስቱ አጥቢያ በየግላቸው ጥቂት ጥቂት ስለሚገዙ በውድ ይገዛሉ፤ የሚያመጡትም ቀሲስ በጀርባቸው ነው። አሁን ሦስቱ ገንዘብ ያዦች ብር ያዋጣሉ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ አንድ ጊዜ እንገዛለን። ዕጣን እዚህ ከሌላው ቦታ ይሻላል፤ ከሶማሌ በኩል የሚመጣ ነው። ዘቢብ ግን መመረጥ አለበት፤ ስኳር ወይም ዘይት የነካው ለቅዱስ ቍርባን አይሆንም፤ ስለዚህ ግዢው ላይ ሁልጊዜ አንድ ዲያቆን አብሮ ይሄዳል።

ከቁጠባው የተረፈው የቀሲስ ሞባይል ካርድና የመንገድ ወጪ ይሁን ተባለ። ሐሳቡ የመጣው ከእኛ አይደለም፣ ከጊዮርጊስ ገንዘብ ያዥ ነው። የገጠር ካህን ደመወዙ ከአጥቢያው ገቢ የሚወጣ ስለሆነ ጥቂት ምእመን ያለበት ቦታ ማለት ጥቂት ደመወዝ ማለት ነው። ቀሲስም ያርሳሉ። ይህ እስካልተነሣ ድረስ ስለ ካህናት ድጋፍ መናገር ግማሽ ንግግር ነው።

መጋቢት፣ ያልተፈታው

ከአራቱ ልጆች ሁለቱ ለድቁና ደርሰዋል፤ ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ የሚቀርቡበትን ቀን እየጠበቅን ነው። አንዱ ግን ትምህርቱን ለመቀጠል ሐረር ዘመዶቹ ጋር ሊገባ ነው። ዲያቆን የምናፈራው ለገጠር ነው፤ የተማረው ግን ይሄዳል፣ መሄዱም መብቱ ነው። አንዱ ሙከራችን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሐረር የሚመለስበትን የሚኒባስ ዋጋ መሸፈን ነው። ሌላው፣ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ፣ ባለ ትዳር ሆነው ከመንደሩ የማይወጡ ገበሬዎችን መጠየቅ። ሁለት ሰዎች ፈቃደኛ ሆነዋል። ንባባቸው ገና ነው፤ ፊደል ላይ ናቸው። መሪጌታ በትዕግሥት ይዘዋቸዋል።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ

ፋሲካ ሚያዝያ 4 በሠሌዳው መሠረት ሚካኤል ላይ ተከበረ። በዐቢይ ጾም ቀሲስ ሦስቱም አጥቢያ ተዘዋውረው ንስሐ የተቀበሉት ዘንድሮ ነው። ባለፈው ዓመት ጊዜውን የበላው የክፍያ መሰብሰቡና የስብሰባው ነገር እንደነበር ራሳቸው ነገሩን። ደብተሩን አውጥተን ሁለቱን ዓምዶች እንደገና አየን። ከግራው ዓምድ እሳቸው እጅ የቀረው የወረዳው ጉዳይ ብቻ ነው፤ ማኅተሙ በእሳቸው እጅ ስለሆነ ደብዳቤ ሲወጣ መኖር አለባቸው። ይህ ባለበት ይቆይ ብለዋል፣ እኛም ተስማምተናል።

ከጉርሱም በኩል አራት አጥቢያ የሚያገለግሉ ካህን መጥተው ያንኑ ሥራ ጠይቀዋል። ካርዱንና ሠሌዳውን ይዘን አንሄድም። ሁለቱ ዓምዶች በእሳቸው ሳምንት ተጽፈው ካለቁ በኋላ ነው ምን እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው፤ እዚያ ሸክሙ ሒሳብ ላይሆን ይችላል። ከጊዮርጊስ ገንዘብ ያዥዋ እናትና የሠሌዳው ወጣት አብረው ለመሄድ ተስማምተዋል።

ለክረምቱ፦ ተማሪዎቹ ሐምሌና ነሐሴ እረፍት ስለሆኑ መሪጌታ ማርያም ላይ ይቀመጣሉ፣ ማደሪያቸው እዚያው አጠገብ ባሉት አረጋዊ ካህን ቤት። ቅዳሴ ማርያም መቀዳት አለበት። የማርያም ጣሪያ ሁለት ቆርቆሮ ይፈልጋል። የክረምቱ ዘቢብና ጧፍ ሰኔ ሳይጋመስ ጊዮርጊስ መድረስ አለበት፤ ዝናቡ ከጠና በኋላ ሞተር ሳይክል ሸለቆውን አያልፍም።